የመልስ ቁልፉ ሲሳሳት፦ ለኤፍኢ እና ለፒኢ ፈተና ለምታጠኑ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። አንዲት የቦይ ፍሰት ጥያቄ ይዛኝ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆኗታል። የእኔ መልስ 246 ነው፤ የመጽሐፉ 166። አራት ጊዜ ሠራኋት፣ አራቴም 246 መጣ። መጨረሻ ላይ «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

በነጋታው ባቡር ላይ እንዲያው ዝም ብዬ ሁለቱን ቁጥሮች አካፈልኳቸው። 1.48 ወጣ። ሳቄ አመለጠኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘወር ብላ አየችኝ። የተሳሳተው መጽሐፉ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ የኢንጂነርነት ላይሰንስ ለማውጣት ለምትዘጋጁ ነው። ኤፍኢ (FE) መጀመሪያ የሚወሰደው የኢንጂነሪንግ መሠረታዊ ፈተና ነው፤ ፒኢ (PE) ደግሞ የሙያ ላይሰንሱ ፈተና። የሁለቱም አዘጋጅ ኤንሲኢኢኤስ (NCEES)፣ የአሜሪካ ላይሰንስ ሰጪ ቦርዶች ምክር ቤት ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት ተምረን፣ ዲግሪያችንን አስገምግመን፣ ከሥራ መልስ ነው የምናጠናው። በቀን ሁለት ሰዓት ካገኘን ተመስገን ነው። የልምምድ መጻሕፍት ደግሞ ስህተት አያጣቸውም፤ ጥሩ ጥሩዎቹም ጭምር። አንዲት የተሳሳተች ጥያቄ ያቺን ሁለት ሰዓት እንዳለ ትውጣታለች። ስለዚህ መልስ አልገጥም ሲል ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ወስኑ። እኔ የምከተለው አካሄድ ይኸውላችሁ። ምሳሌዎቼ ከሲቪል ናቸው፤ መንገዱ ግን ለሜካኒካሉም ለኤሌክትሪካሉም ይሠራል።

መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት

በመጀመሪያ ከኤንሲኢኢኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ የፈተናችሁን ሪፈረንስ ሃንድቡክ፣ የቀመርና የሠንጠረዥ መጽሐፉን፣ አውርዱ። በነፃ ነው። ፈተናው ላይ ስክሪኑ ላይ የሚቀርብላችሁ ይኸው ሰነድ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ስትከራከሩ ዳኛችሁም እሱ ነው። ቀመር ከትዝታ አታውጡ፤ ከዚያ ፈልጋችሁ አውጡ። የፍለጋ ልምዱም ለፈተናው ቀን ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ የእርማት ዝርዝሩን ፈልጉ። አሳታሚዎች ከኅትመት በኋላ የተገኙ ስህተቶችን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ኤንሲኢኢኤስም ለራሱ የልምምድ ፈተናዎች እርማት ያወጣል። የመጽሐፋችሁን እትም እና የኅትመት ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንብቡና ተዛማጁን ዝርዝር አውጡ። እርማቶቹን አንድ በአንድ በእርሳስ መጽሐፉ ላይ ገልብጡ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ይህን ያደረግሁት መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ነበር። ሌሊት ካስለቀሱኝ ጥያቄዎች ሁለቱ ዝርዝሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

የመጽሐፉን ዕድሜም እዩ። ኤፍኢ ወደ ኮምፒውተር የገባው በ2014 ነው፣ ፒኢ ሲቪል በ2022። ከዚያ በፊት የፒኢ ተፈታኝ ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ይገባ ነበር። የዚያ ዘመን ጥያቄዎች ዛሬ ሃንድቡኩ ውስጥ የሌለ ሠንጠረዥ ይጠይቃሉ። ይህ ስህተት አይባልም፤ ግን ሌሊታችሁን አይገባውም። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ደግሞ የፒኢ ሲቪል የጠዋትና የከሰዓት ክፍፍል ቀርቷል። መጽሐፋችሁ አሁንም በዚያ አከፋፈል ከሆነ፣ ከሌላ ዘርፍ የመጣውን እየዘለላችሁ ሂዱ።

ቴሌግራም ላይ ስለሚዞሩት ስካን የተደረጉ ፋይሎች አንድ ነገር ልበል። የባለቤትነት መብቱን ትተን እንኳ፣ ስካኑ ራሱ ስህተት ይፈጥራል። የነጥብ ምልክት ይጠፋል። ከቁጥር በላይ የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ወርዶ ከታች ካለው ጋር ይለጠፋል፤ 10⁶ የነበረው 106 ሆኖ ይነበባል። ሰው ግን የሚራገመው ደራሲውን ነው።

1. ሰዓት ያዙ

ኤፍኢ 110 ጥያቄ አለው፤ የፈተናው ጊዜ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ፒኢ ሲቪል 80 ጥያቄ በ8 ሰዓት ነው፤ ስድስት ስድስት ደቂቃ። መልስ ሲጣረስ ለምርመራው 15 ደቂቃ ስጡ። ስልካችሁ ላይ ሰዓቱን ሙሉት። ሲጮህ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። እልህ መጋባት የለም። እኔ ያን ሌሊት ያጣሁት እንቅልፍ የእልህ ዋጋ ነበር።

2. መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ

መፍትሔውን ገና አታንብቡ። ጥያቄውን እንደ አዲስ አንብቡና ምን እንደተጠየቀ በአንድ መስመር ጻፉ፣ ከነዩኒቱ። «ከፍተኛው ሞመንት፣ በኪፕ-ጫማ፣ በጭነት ፋክተር የተባዛ።» (ኪፕ 1,000 ፓውንድ ኃይል ነው።) ግማሹ ጠብ እዚህ ያልቃል። ጠቅላላ ጭነት ነው የተባለው ወይስ በአንድ ጫማ? ዲያሜትር ነው የሰጡት ወይስ ሬዲየስ? ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ቀርቶ ይሆን?

እኛ አገር ቤት የተማርን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። እጃችን በኪሎኒውተንና በሜትር የለመደ ነው። ኪፕ ሲባል ውስጣችን ሳያውቀው ይተረጉማል፤ ሲተረጉም ይሳሳታል። ፓውንድ ደግሞ አንዴ ማስ፣ አንዴ ኃይል ሆኖ ይመጣል። ምክሬ፦ አትተርጉሙ። ጥያቄው በፓውንድ ከመጣ በፓውንድ ጨርሱት። የውኃ ክብደት 62.4 ፓውንድ በኪዩቢክ ጫማ መሆኑን እንደ 9.81 በቃል እስክታውቁት ድረስ ለማዱት።

3. አካፍሉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የእናንተን መልስ ለመጽሐፉ መልስ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስም አለው።

የእኔን ጥያቄ ላሳያችሁ። 10 ጫማ ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ቦይ ነው። ውኃው 4 ጫማ ይጠልቃል። የቦይ ፍሰት በሚሰላበት የማኒንግ ቀመር ውስጥ የሚገባው የሸካራነት ቁጥር 0.013፣ ተዳፋቱ 0.001። ስፋቱ በጥልቀቱ ሲባዛ 40 ስኩዌር ጫማ። ውኃው የሚነካው ዙሪያ 4 + 10 + 4 = 18 ጫማ። የሃይድሮሊክ ሬዲየሱ 40 ÷ 18 = 2.22። ሃንድቡኩ ላይ ያለው የማኒንግ ቀመር በአሜሪካ ዩኒት ፊቱ ላይ 1.486 አለው። አስገብቼ ስሠራው 246 ኪዩቢክ ጫማ በሰከንድ ይመጣል። የመጽሐፉ 166 ነው። 246 ለ166 ሲካፈል 1.48። መጽሐፉ 1.486ቱን ረስቶታል፤ ቀመሩን የጻፈው በሜትር ሥርዓት መልኩ ነው። እኔ ደግሞ መፍትሔውን አራት ጊዜ ሳነብ አላየሁትም። ለምን? አገር ቤት የተማርኩት ቀመር ራሱ ያው ነው፤ 1.486 የሚባል ነገር የለውም። ዓይኔ ወዳጁን አይቶ አለፈ።

እንዲህ ዓይነት ስም ያላቸው ቁጥሮች የተጻፉባት ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌ ነበር፦

- 12፦ ጫማና ኢንች፤ በተለይ ኪፕ-ጫማና ኪፕ-ኢንች
- 144፦ ስኩዌር ጫማና ስኩዌር ኢንች
- 27፦ ኪዩቢክ ጫማና ኪዩቢክ ያርድ፤ ቁፋሮና ሙሌት ላይ
- 7.48፦ ኪዩቢክ ጫማና ጋሎን
- 32.2፦ ማስና ክብደት ተደባልቀዋል
- 4፦ በሬዲየስ ፈንታ ዲያሜትር ገብቶ፣ የክብ ኤሪያ ላይ፤ ኢነርሺያ ላይ ከሆነ 16
- 1.5፦ ቢሙ ግራ ቀኙ የታሰረ ነው ወይስ ዝም ብሎ የተቀመጠ? አንዱ በ12፣ ሌላው በ8 ይካፈላል
- 0.9 ወይም 0.75፦ አንዳችሁ የመቀነሻ ፋክተሩን ረስታችኋል
- 1.2 ወይም 1.6፦ የጭነት ፋክተር

ማካፈሉ ካልሠራ ቀንሱ። ልዩነቱ 14.7 ከሆነ ከሁለት አንዳችሁ የከባቢ አየር ግፊትን ጨምራችኋል፤ 460 ከሆነ ፋራናይትና ራንኪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጥረው የሙቀት መለኪያ) ተምታተዋል። ልዩነቱ ጥያቄው ውስጥ ከተሰጠ አንድ ከፍታ ጋር እኩል ከሆነም ምክንያቱን አገኛችሁት። 1.01 ወይም 0.99 ከወጣ ደግሞ ማጠጋጋት ነው። ጥያቄዎቹ «በጣም የሚቀርበው» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ተዉት።

ቁጥሩ ስም ሲያገኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። የት ቦታ እንደምትፈልጉ ግን አውቃችኋል። ትልቁ እፎይታ እሱ ነው።

4. አሁን መፍትሔውን ክፈቱ፣ ግን በወረቀት ሸፍናችሁ

መስመር በመስመር ወረቀቱን ዝቅ እያደረጋችሁ ከራሳችሁ ሥራ ጋር አስተያዩ። የምትፈልጉት ቁጥሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለያዩበትን መስመር ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ መዘዙ ስለሆነ አትድከሙበት።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚገጥም አንድ ነገር አለ። ደራሲው አዲስ እትም ሲያወጣ የጥያቄውን ቁጥር ይቀይራል፤ መፍትሔው ውስጥ ግን የድሮው ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ጥያቄው የኮንክሪቱ ጥንካሬ 4,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ነው ይላል፤ መፍትሔው ሦስተኛ መስመር ላይ 3,000 ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ መፍትሔው ውስጥ ያለ እያንዳንዱን ቁጥር «ከየት መጣህ?» በሉት። ከጥያቄው ወይም ከሃንድቡኩ ካልመጣ፣ ተይዟል። አንዳንዴ ደግሞ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ፊደሉ ብቻ ይሳሳታል፤ 246 ብሎ ሠርቶ «መልሱ ሐ» ይላል፣ 246 ያለው ግን ለ ላይ ነው። ይህን አይታችሁ ስቃችሁ እለፉ።

5. ሁለታችሁም ትክክል ትሆኑ ይሆን? እትሙን እዩ

ይህ የፒኢ ተፈታኞች፣ በተለይ የስትራክቸር ሰዎች፣ ጣጣ ነው። ኮድ ይቀየራል፤ የልምምድ ጥያቄ ግን ባለበት ይቀራል።

አንድ ምሳሌ። 12 ኢንች ስፋት ያለው የወፍራም ስላብ ቁራጭ፣ የሥራ ጥልቀቱ 21.5 ኢንች፣ መደበኛ ክብደት ያለው ባለ 4,000 ፒኤስአይ ኮንክሪት፣ የፌሮው ሬሾ 0.005፣ ስታፋ (ሸርን የሚይዝ የታጠፈ ፌሮ) የለውም። የኮንክሪቱ ሸር አቅም፣ ማለትም የሚቆርጠውን ኃይል የመቋቋም አቅሙ፣ ስንት ነው? በአሜሪካው የኮንክሪት ኮድ የ2014 እትም፣ በኤሲአይ 318-14፣ በቀላሉ ይሠራል፦ 2 × √4,000 × 12 × 21.5፣ 32.6 ኪፕ ገደማ። በ2019ኙ እትም፣ በ318-19፣ ግን በቂ ስታፋ ለሌለው አካል ቀመሩ ሌላ ነው። የፌሮ ሬሾው ኩብ ሩት ይገባል፤ ጥልቀቱ ሲጨምር አቅም የሚቀንስ ማስተካከያም ይገባል። እዚህ ማስተካከያው 0.797 ነው፣ ኩብ ሩቱ 0.171። 8 × 0.797 × 0.171 × √4,000 × 12 × 21.5 ሲባዛ 17.8 ኪፕ ይመጣል።

ከ32.6 ወደ 17.8! ያው ስላብ፣ ያው ፌሮ። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ሁለተኛውን «ጥርት ያለ ስህተት» ቢለው አይፈረድበትም። ግን ማንም አልተሳሳተም። የንፋስ ጭነትም እንዲሁ ነው፤ ከጭነት ኮዱ ከኤኤስሲኢ 7-05 እትም ወደ 7-10 ሲኬድ የካርታው ፍጥነት ከፍ ብሎ የንፋሱ ፋክተር ከ1.6 ወደ 1.0 ወርዷል። የአንዱን ካርታ ከሌላው ፋክተር ጋር ያቀላቀለ ሰው ጉድ ይሆናል።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ፈተናችሁ የትኛውን እትም እንደሚጠቀም ኤንሲኢኢኤስ ዝርዝር ያወጣል። ለራሳችሁ የፈተና ቀን የሚሠራውን አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ጥያቄው ከዚያ ውጪ ከሆነ «ያረጀ» ብላችሁ ጻፉበት። ጊዜ ካላችሁ በአዲሱ እትም እንደገና ሥሩት፤ ጥሩ ልምምድ ነው።

6. ሌላ ሰው ጠይቁ፣ መልሱን ሳትነግሩ

አሌክሳንድሪያ የምትኖር የጥናት ጓደኛ ነበረችኝ። መጀመሪያ ላይ «ይህችን እይልኝ፣ እኔ 246 አገኘሁ መጽሐፉ 166 ይላል» እያልኩ ነበር የምልክላት። አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ስማኝማ ወንድሜ፣ መልሱን አትንገረኝ። ከነገርከኝ ወደዚያው ነው የምሄደው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ብቻ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ መልስ ላይ ከደረሰ የመጽሐፉ ስህተት መሆኑ ገና ባይረጋገጥም ሚዛኑ ያጋድላል።

የኮምፒውተር ረዳቶችን መጠየቅ የለመዳችሁም አላችሁ። ችግራቸው ይሉኝታ ነው። «መጽሐፉ ተሳስቷል አይደል?» ስትሉት «አዎ ልክ ነህ» ይላል። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት መሰለኝ» ስትሉት ለዚያም ይስማማል። ከጠየቃችሁ ጥያቄውን ብቻ ስጡት፣ ቀመሩን ከሃንድቡኩ ጋር አመሳክሩ።

ሰው ካጣችሁ በሌላ መንገድ ሥሩት። ትረስ ከሆነ በጆይንት የሠራችሁትን በሴክሽን ቁረጡት። ወይም ቁጥሮቹን አቅልሉ፤ ተዳፋቱን ዜሮ ስታደርጉት ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል? መሆን አለበት።

7. ፍርዳችሁን ጻፉ

ደብተር አውጡ። ለእያንዳንዱ የተጣረሰ ጥያቄ ቁጥሩን፣ ያገኛችሁትን ምክንያት እና ከአራቱ አንዱን ቃል ጻፉ፦ የእኔ፣ የመጽሐፉ፣ ያረጀ፣ ያልታወቀ። መጽሐፉ ላይም ትክክለኛውን መልስ በቀለም ጻፉ፤ ከወር በኋላ ስትመለሱ ያንኑ ጠብ እንደገና እንዳትጀምሩት።

ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ሌላውን ሁሉ ትታችሁ «የእኔ» የሚለውን ብቻ አንብቡ። የእኔ ደብተር ላይ በብዛት የነበረው ይኸው ቃል ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። መጽሐፉን አንድ ጊዜ በስህተት የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ሁሉንም በመጽሐፉ ማሳበብ ይጀምራል። ከማኒንጓ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል እኔም እንደዚያ ሆኜ ነበር። ኋላ ደብተሩ ነው ያሳፈረኝ፤ በላይ በላዩ አምስት ጊዜ ኪፕ-ኢንች።

8. ስህተቱን አሳውቁ

እርግጠኛ ስትሆኑ ለአሳታሚው ጻፉ። አጭር ይሁን፦ የመጽሐፉ ስም፣ እትምና የኅትመት ቁጥር፣ ገጽ፣ የጥያቄ ቁጥር። «መፍትሔው ሁለተኛ መስመር ላይ የማኒንግ ቀመር ያለ 1.486 ገብቷል፤ የጥያቄው ዩኒት የአሜሪካ ነው፤ መልሱ 246 መሆን አለበት።» የሃንድቡኩን ክፍል ጥቀሱ። የራሳችሁን ስሌት ፎቶ አያይዙ። ቅሬታና ወቀሳ አትጨምሩበት። መልስ ቢዘገይም አትጠብቁት፤ ጥናታችሁን ቀጥሉ።

9. ፈተናው ላይ ቢገጥማችሁስ?

እዚያ ሆናችሁ ጥያቄው ተሳስቷል ብላችሁ ብታስቡ የሚሠራው የ15 ደቂቃው ሕግ አይደለም። አንድ ጊዜ እንደገና አንብቡ፤ ዩኒቱን እዩ። ካልሆነ የሚቀርበውን መርጣችሁ ምልክት አድርጉበትና ሂዱ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ አትተዉ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ለሙከራ የገቡ፣ የማይቆጠሩም አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ አያውቅም። ያቺ ግራ የምታጋባችሁ ጥያቄ ከእነሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ፈተናው ለሁለት የተከፈለ መሆኑንም አትርሱ። የመጀመሪያውን ክፍል አስረክባችሁ ዕረፍት ከወጣችሁ ወደዚያ መመለስ የለም። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ከዚያ በፊት ጨርሱ።

ስትወጡ ስልካችሁ ይጮኻል። የጥናት ቡድኑ «ምን ምን መጣ?» ይላል። የፈተናውን ጥያቄ ላለማውጣት ገና ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ተስማምታችኋል፤ ላይሰንሳችሁን ሊያሳጣችሁ የሚችል ነገር ነው። የልምምድ መጽሐፍ ጥያቄ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ። ለዛሬው ግን «ደክሞኛል፣ መጀመሪያ እንጀራ ልብላ» በሉና ስልኩን ዝም አስብሉት።